ስኔልቪል የቀረው አደራ

ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሻንጣው የራሱ አይደለም። እሄዳለሁ ካለባት ቀን ጀምሮ ሻንጣው የጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባና የማኅበር ሰው ይሆናል። አንዱ ለእናቱ ጫማ፣ አንዷ ለእህቷ ልጅ የዱቄት ወተት፣ ሌላው ለወንድሙ ስልክ ይዞ ይመጣል። «ትንሽ ናት፣ ቦታ አትይዝም» ይላሉ ሁሉም። እምቢ አይባልም፤ ነገ እሱም በተራው ለሌላው ይሰጣልና።

ልጄ ግሩም ደግሞ ጭራሽ እምቢ ማለት የማይሆንለት ሰው ነው። አትላንታ ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ኤርፖርቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ የማያውቀው የሐበሻ ሾፌር የለም። መኪናው የቆመበት ሰው ከደወለለት ምሳውን ትቶ ይሄዳል። አዲስ የመጣ ሰው ሲኖር የሥራ ቁጥር እንዲያወጣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ይዞት የሚሄደው እሱ ነው። ከአትላንታ ወጣ ብሎ ስኔልቪል ቤት የገዛ ጊዜ ቁልፉን ለእኔ ሰጥቶ «እማዬ፣ አንቺ ክፈቺው» ብሎኝ በሩ ላይ ቆሞ አልቅሷል። ደግ ነው። ግን ሰው ፊት ዝቅ ብሎ መታየትን ከሞት አብልጦ ይፈራል። ልጅ ሆኖም፣ አባቱ በሞተ ጊዜ፣ ደብተር የለኝም ከሚል ረሳሁት ብሎ መገረፍ ይመርጥ ነበር።

ያን ዓመት ረመዳን ጁላይ ላይ ዋለ። ግሩም፣ ሚስቱ ተናኘ፣ ልጃቸው ትንሳኤና እኔ፣ ትምህርት ቤት ዝግ ሳለ አራታችንም አገር ቤት ልንሄድ ነው ተባለ። ቲኬት ገና አልቆረጥንም፤ ወሬው ግን ቀድሞን ሄደ። ጋራዡ በእቃ ሞላ። በየፌስታሉ ላይ ስም የተጻፈበት ፕላስተር ተለጥፏል። እኔ ማንበብ የተማርኩት በስተርጅና ነው፤ ከዚያ ይሁን እንጃ፣ ስም ካየሁ ሳላነብ ማለፍ አልችልም። ጋራዥ በገባሁ ቁጥር አነባለሁ። «ለእትዬ በላይነሽ፣ ደብረ ብርሃን።» «ለመምህር ሙሉአለም፣ ጎንደር።» ስሙን ካነበብኩ በኋላ እቃው እቃ ብቻ አይሆንልኝም። ባለቤቱ እዚያው ጥግ ቆሞ የሚጠብቅ ይመስለኛል።

ፈትያ የመጣችው መጨረሻ ላይ ነው። ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ቅመማ ቅመምና የአገር ልብስ የምትሸጥበት ሱቅ አላት። ጾመኛ ስለነበረች ከንፈሯ ደርቋል። በአንድ እጇ የስጦታ ከረጢት፣ በሌላው በረዶ ያለባት ትንሽ የምሳ ቦርሳ ይዛለች።

«እማማ ዘነበወርቅ፣ ይቺ የእናቴ የዓይን ጠብታ ናት» አለችኝ። «አምና እዚህ መጥታ ሳለ ነው ሐኪም ያዘዘላት። ኮምቦልቻ የለም፤ አዲስ አበባም ፈልገን አጣነው። የዓይን ግፊት ነው ያለባት። ካቋረጠች ብርሃኗ ይሄዳል ብሎኛል ሐኪሙ። እስክትከፈት ድረስ ፍሪጅ ውስጥ ትቀመጥልኝ፤ ሙቀት አትወድም።»

«አታስቢ» አላት ግሩም እኔን ቀድሞ። «ኮምቦልቻ ድረስ ራሴ አደርሳታለሁ።»

«ከእጅህ እስከ እጇ?»

«ከእጄ እስከ እጇ።»

«አደራ እንግዲህ፣ ግሩሜ። እጇ ላይ ያለው እስከ ረመዳን አጋማሽ ቢያደርሳት ነው። ይቺ ደግሞ የዒድ ሻርፗ ናት» ብላ ከረጢቱን ለተናኘ ሰጠች።

ጠብታዋን ተቀብዬ ፍሪጁ በር ላይ፣ ከአዋዜው ጠርሙስ ጎን አስቀመጥኳት።

ግሩም ቲኬቱን ሊቆርጥ ባሰበበት ሳምንት ታክሲው ሃይዌይ ላይ ቆመ። ትራንስሚሽኑ ሞቷል አሉት። መኪናው ካልሠራ ቤቱ አይቆምም፤ ስለዚህ ለጉዞው የተጠራቀመው ሁሉ መኪናው ሆድ ውስጥ ገባ። ግሩም ሁለት ቀን ምግብ አልበላም። በሦስተኛው ቀን ራት ላይ ተናኘ ወሬ አነሳች። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ከዚያ የማታመጣው ወሬ የለም።

«እኔ የምልህ ግሩም፣ ለምን እዚሁ ቫኬሽን አንወጣም? አብረውኝ የሚሠሩት ፈረንጆች እኮ ሲያጥራቸው ቤታቸው ነው የሚያርፉት። ገንዳ ይነፋሉ፣ ጓሮ ድንኳን ይተክላሉ፣ አለቀ።»

«ስቴኬሽን ነው የሚባለው፣ ማሚ» አለች ትንሳኤ። «ላይክ፣ ሁሉም ሰው ያደርገዋል።»

«ይኸው! ስም እንኳን ወጥቶለታል። ነውር ቢሆን ስም አያወጡለትም ነበር።»

እኔና ትንሳኤ ሳቅን። ግሩም አልሳቀም። «ለሰውስ ምን እንላለን?» አለ።

«መኪናችን ተበላሸ፣ ቀረን እንላለና። እቃቸውን እንመልስላቸዋለን።»

«ጋራዥ ሙሉ እቃ ተቀብሎ መሄድ አቃተው እንዲሉኝ? የታክሲው ሰልፍ መሳቂያ ልሁን?» ድምፁ ከፍ አለ፤ ወዲያው ዝቅ አደረገው። «ቲኬት ይረክስ ይሆናል። ጁላይ መሃል ላይ እኔ ብቻዬ በርሬ ሁሉንም አድርሼ እመለሳለሁ። እስከዚያ ግን ማንም ምንም አይስማ። ሄደናል፤ በቃ።»

«ለፈትያ ብቻ ንገራት» አልኩት። «የሷ ጉዳይ ሌላ ነው።»

«እነግራታለሁ እማዬ፤ ትንሽ ቀን ስጪኝ።»

እንሄዳለን ባልንበት ቀን ስልኮቻችንን ሁሉ ዘጋ፤ የመንገድ ዳሩን መጋረጃ ጎተተ፤ የጋራዡን እቃ ወደ ግድግዳ ገፍቶ መኪናውን ከተተና በሩን ዘጋው። ቫኬሽናችን እንዲህ ተጀመረ።

ተናኘ የምትችለውን አደረገች። ፕላስቲክ ገንዳ ገዝታ በአፏ ስትነፋ ዋለች፤ ራሷ ዞሮ እዚያው ሣሩ ላይ ተዘረረች። ድንኳን ተከልን። ትንሳኤ ገንዳው ውስጥ ተንጋልላ «እምዬ፣ ነይ እግርሽን ክተቺ» እያለች ትጎትተኝ ነበር። ከተትኩት፤ ደስ ይላል። ለክፉ ያልተሠራ ነገር ነው፤ ሰው ከልጁ ጋር በገዛ ጓሮው ቢያርፍ ምን ክፋት አለው? እኛ ግን እያረፍን አልነበረም። ልጅቷ ስትንቦጫረቅ ግሩም ሮጦ ይወጣል፤ «ድምፅ ቀንሺ፣ ጎረቤት ይሰማል» ይላታል። አንድ ቀን ተናኘ ጓሮ ጥብስ ልትጠብስ እሳት አያያዘች። ሽንኩርቱና ሮዝመሪው ገና መሽተት ሲጀምር ግሩም መጥቶ ውሃ ደፋበት።

«ምን ሆንክ አንተ?» አለችው።

«ከኋላችን ያለው መንገድ ላይ ሐበሻ አለ። ይሄ ሽታ ከምላስ የባሰ ነው፤ ተናግሮ ያስይዘናል።»

«ሆት ዶግ ልቀቅል? እሱ አማርኛ አይችልም።»

በሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ይንከተከት ነበር። አሁን ግን ባልዲውን ይዞ ቤት ገባ። ትንሳኤ ረጥቦ የሚጨሰውን ከሰል እያየች «እምዬ፣ እኛ ላይክ፣ ፖሊስ እየፈለገን ነው?» አለችኝ። «አይ ልጄ» አልኳት።

ሥራውንም በድብቅ ያዘ። ኤርፖርት መቆም ቀረ። ማልዶ ወጥቶ ማሪዬታ ድረስ ይሄዳል፤ ሐበሻ ሾፌር የማይደርስባቸው ሆቴሎች በር ላይ ቁጭ ብሎ ይውላል። አንዳንዴ ባዶውን ይመለሳል። ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚከፍተው ኮምፒውተሩን ነው። ቲኬቱ ረከሰ አልረከሰ ብሎ ያያል፤ ፊቱን አይቼ አልረከሰም እላለሁ። በፈረንጅ በጋ የሚረክስ ቲኬት የለም፤ እሱም ያውቀዋል። አውቆ ነው የሚያየው።

እኔ ደግሞ ፍሪጁን አያለሁ። ወተት ላወጣ ስከፍት ትንሿ የጠብታ ካርቶን አለች። ውሃ ስቀዳ አለች። ኮምቦልቻ ያለችውን ሴት አንድ ጊዜ አይቻታለሁ። አምና ፈትያ ሱቅ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጨርቅ በጣቷ እየዳሰሰች «ይሄ ጥሩ ፈትል ነው» ስትል ነበር። እንደ እኔ አሮጊት ናት። ግሩምን «ነገርካት ወይ?» ስለው «ነገ» ይለኛል። ስቆጣው አንገቱን ይደፋል። ስለምነው «እማዬ ሙች፣ ነገ» ይላል።

አንድ ከሰዓት ማዕበል መጣ። የጆርጂያ ዝናብ ሲመጣ ሰማዩን ይዞ ነው። ከጎረቤት አንድ ትልቅ ዛፍ ወድቆ የመብራት ሽቦውን በጠሰው። ቤቱ ጨለመ፤ ፍሪጁ ጸጥ አለ። ሙቀቱ በአንዴ ወጥሮ ያዘን። ተናኘ ሥራ ናት። የቀረች በረዶ ካለች ብዬ ሰብስቤ ጠብታዋን በፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። በረዶው እየቀለጠ ቀሚሴን አራሰው። ትንሳኤ በማራገቢያ ፈንታ የኮርንፍሌክስ ካርቶን ይዛ ፎጣውን ታራግባለች። ግሩም ከሥራ ሲመለስ እንዲያ ሆነን አገኘን።

በሩ ላይ ቆሞ አየን። ከዚያ አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ላሰማሽ» አለኝ። ስልኩን አውጥቶ ከፈተው። «ከፈትያ ነው። በድምፅ ነው የተላከው። ከሰሞኑ ከፍቼ ሰማሁት፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።»

ድምፁ የፈትያ አልነበረም፤ የእናቷ ነው። ሳል አለበት። «ልጄ ግሩም፣ አልሃምዱሊላህ በሰላም ገባችሁ። መንገዱ አድክሟችሁ ይሆናል፣ ፈትያ ታስቸኩልሃለች አሉ፤ አትስማት። ቤተ ዘመድህን ጠይቅ፣ እረፍ። እኔ የቀረችኝን ጠብታ ቆጥቤ አንድ ቀን እየዘለልኩ ነው የማደርጋት። ትንሽ ጉም ጉም ይለኛል እንጂ ደህና ነኝ። አላህ ያክብርህ፣ አንተም እናት አለህ።»

ድምፁ አለቀ። ትንሳኤ ማራገቡን ተወችው።

«አንድ ቀን እየዘለለች» አለ ግሩም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ምን ላድርግ እማዬ? አሁን ምን ብዬ ልንገራት? መጀመሪያ ቀን ቢሆን መኪና ተበላሸ ነበር። አሁን ምንድነው የምለው?»

«የምትለውን አላውቅም» አልኩት። «በረዶው ግን እያለቀ ነው። ተነስ።»

«የት?»

«ሰው ወደ አገሩ የሚበርበት ቦታ። ኤርፖርት።»

ተነሳ። ነዳጅ ማደያ ቆመን በረዶ ገዛን። ትንሳኤ ከኋላ፣ እኔ ከፊት የፈትያን የምሳ ቦርሳ ታቅፌ። ኤርፖርቱ ሲቃረብ ኮፍያውን ግንባሩ ላይ ደፋው። የታክሲው ሰልፍ አጠገብ ስናልፍ ያቺን የሚያውቃትን ሰልፍ ቀና ብሎ አላያትም።

በውጭ በረራው አዳራሽ ሻንጣ የሚያስመዝን ሰው ተኮልኩሏል። ሐበሻ በሻንጣው ይታወቃል፤ በገመድ ጠፍሮ ያመጣል። ልጄ ወደ አንዷ ሴት ጠጋ አለ። «እህቴ፣ ይቅርታ። ይቺ የዓይን መድኃኒት ናት፣ አንዲት እናት…» ገና ሳይጨርስ እጇን አነሳች። «ወንድሜ፣ አላውቅህም። ሰው በማያውቀው ጠርሙስ ታስሯል» አለችው። እውነቷን ነው። አንድ ሽማግሌ ካርቶኗን አገላብጠው አይተው መለሱለት። አንድ ጎረምሳ «ማን ነው የላከህ?» ብሎ ዙሪያውን ገላመጠ። ግሩም ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል፤ ካርቶኗን በመዳፉ ይዞ፣ ልክ እንደ ለማኝ። ልጄን እንዲያ አይቼው አላውቅም። ወደ እኔ ሲመለስ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል።

«ማንም አይወስድም እማዬ» አለኝ። «እኔም ብሆን አልወስድም።»

ያን ጊዜ ከኋላችን ሳቅ ሰማን።

«ግሩሜ! አንተ! መቼ ገባህ?»

ሳህሌ ነው። ታክሲ ሰልፉ ላይ አብሮት ስንት ዓመት የቆመ የሊቶኒያ ሰፈር ሰው። ለአባቱ ተዝካር እየሄደ ነው፤ የእጅ ቦርሳ አንግቷል። ግሩምን ትከሻ ለትከሻ ገጨውና ራቅ አድርጎ አየው። «አገር ቤት ከርመህ ጭራሽ ከሳህ? ጥሬ ሥጋውን ለማን ተውክለት? እማማ፣ ይሄን ልጅ ምን አበላችሁት?»

ግሩም አየኝ። «ትናንት ገባን» ቢል ሳህሌ ያምነው ነበር። ቃሉ ከንፈሩ ላይ ሲመጣ አየሁት። ጭብጥ አድርጌ የያዝኳት የቦርሳዋ ማንገቻ ጣቴ ላይ ጠበቀች።

«አልሄድኩም» አለ።

«እ?»

«አልሄድኩም ሳህሌ። ቤቴ ነበርኩ።»

«የቱ ቤት?»

«ስኔልቪል።»

ሳህሌ ሊስቅ አፉን ከፈተ። እኔን አየ፤ ትንሳኤን አየ፤ አፉን ዘጋ። «ለእህቴ የሰጠሁህ ጫማስ? የእትዬ በላይነሽ?»

«ጋራዥ ነው።»

«እሷ እኮ… መናኸሪያ እየወጣች ስትጠይቅ ነው የሰነበተችው። እኔ ደግሞ ግሩም ያለውን አያስቀር፣ ጠብቂ እላታለሁ!» አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። ካርቶኗን ያየው ከዚያ በኋላ ነው። «ይሄስ?»

ግሩም ነገረው። ሳህሌ እስከ መጨረሻው ሰማና «ደውልላት» አለ። «ላኪዋ በጆሮዬ ሳትነግረኝ መድኃኒት አልይዝም። አሁን፣ እዚሁ ደውል።»

ልጄ ደወለ። ድምፁን ለሁላችንም ከፈተው።

«ግሩሜ!» አለች ፈትያ፤ ደስታዋ ጆሮ ይቀዳል። «አልሃምዱሊላህ! ደረስክላት?»

«ፈትያ፣ አትላንታ ነኝ።»

«ተመለሳችሁ? እናቴ እኮ አልደረሰኝም እያለች…»

«አልሄድንም። መኪናዬ ተበላሽቶ ገንዘቡ አለቀ። አፈርኩና ቤቴ ተደበቅኩ። መድኃኒቷ ፍሪጅ ውስጥ ነበረች።»

ከዚያ ወዲያ የሱቋ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ተሰማ።

«ስኔልቪል?» አለች በመጨረሻ። ድምጿ ቀጥኗል። «ከሱቄ ግማሽ ሰዓት? ግሩም፣ ደሴ የሚሄድ ሰው ከእኔ ልብስ ገዝቶ ሄዷል። የምትልኪው ካለ ልያዝልሽ ወይ ብሎ ጠይቆኝ፣ መድኃኒቷ ግሩም ጋ ናት ብዬ ሰደድኩት። የከሚሴ ሴትዮም ሄዳለች። አንተ አለህ ብዬ።»

ሳህሌ ስልኩን ከእጁ ወሰደው። «ፈትያ፣ ሳህሌ ነኝ። የእናትሽን ስልክ ላኪልኝ። አዲስ አበባ እንደገባሁ ቀጥታ ኮምቦልቻ ነው፤ የእህቴን ከተማ አልፌ እሄዳለሁ። ተዝካሩ ይጠብቃል።»

«እሺ ወንድሜ። አደ…» አለችና ተወችው። ቃሉን ሳትጨርስ ዘጋች።

ከእናቶቻችን ጀምሮ አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ሲባል ሰምቻለሁ። ሰው አደራ ማለት ሲፈራ ግን ያን ቀን ገና ሰማሁ።

በማግስቱ ግሩም መጋረጃውን ከፈተ። የጋራዡን በር ወደ ላይ ሰቅሎ እቃውን መኪናው ላይ ጫነ። የቀረችው የዕረፍታችን ጊዜ እንዲያ አለቀች። እኔ ስሙን አነብለታለሁ፣ እሱ የሰጪውን ቤት ያስታውሳል፣ ትንሳኤ ፌስታሉን ይዛ ትወርዳለች። አንድ ሰውዬ ሰንሰለቱን ሳይፈታ በበሩ ስንጥቅ ተቀበለን። ሊቶኒያ ፅጌረዳ የምትባል ሴት ደግሞ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ «ታዲያ ድንኳኑ ውስጥ ትንኝ አልጨረሳችሁም? ቢያንስ ቪዛ አልጠየቃችሁም!» ብላ ምሳ ካልበላችሁ አትሄዱም አለች። ግሩም እየጎረሰ እንባው ወጣ። ታክሲ ሰልፉ ላይም ተመለሰ። የሆነ ሰው ሁልጊዜ «ግሩሜ፣ በረራው እንዴት ነበር?» ይለዋል። ይስቃል። ከሳቁ በኋላ ያለውን ፊቱን የማየው እኔ ነኝ።

ፈትያ ሱቅ መጨረሻ ሄድን። ዒድ አልፏል። ሻርፗን በከረጢቷ ይዘናል። ፈትያ መደርደሪያው ጋ ቆማ ነበር፤ ለእኔ ወንበር ሳበችልኝ፤ እሱን ተቀመጥ አላለችውም።

«ሳህሌ ደርሷል» አለች። «ከእጁ እስከ እጇ። ደሴ ሐኪም ጋ ይዟት ሄዷል። ቀኙ ተርፏል አሏት፤ ግድግዳና ሰው ትለያለች። ግራው ሄዷል።»

ግሩም መደርደሪያውን ያዘ። «ፈትያ፣ እኔ…»

«ተው» አለችው። «ተው፣ ምንም አትበለኝ።»

ከረጢቱን ተቀብላ ሻርፗን አወጣች። ብርቱካንማ ናት፣ ዳር ዳሩን ወርቃማ ክር የዞራት። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በመዳፏ ስታስተካክላት ቆየች።

«ዓይኗ እንዲይዝላት ብዬ ነበር ደማቅ የመረጥኩት» አለች፤ ለማን እንደምትናገር አልታወቀኝም። ከዚያ አጥፋ አጥፋ፣ እንደነበረችው አደረገቻትና ከረጢቱን ወደ ግሩም ዘረጋች።

«ለኔ አይደለም የመጣችው። የሄድክ ቀን ትወስድላታለህ። ራስህ።»

«ፈትያ፣ መቼ እንደምሄድ አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ቀኙ እያለ ግን ይሁን።»

ልጄ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላት።